አልነሳ ያለች ኤምጂቢና አልገባ ያለ ኦቨርድራይቭ፦ ከነጩ ሽቦ የሚጀምር ፍተሻ

ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ የተሠራች ባለ 1798 ሲሲ ስፖርት መኪና ናት። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርታ አብዛኛዋ ወደ አሜሪካ ተልካለች፤ መለዋወጫም አይጠፋላትም። ሁለት ቅሬታ በተደጋጋሚ ይነሳባታል፦ ጠዋት አልነሳ ማለቷና ኦቨርድራይቯ (ከካምቢዮው ጀርባ ተገጥሞ የሞተሩን ዙር የሚቀንሰው ተጨማሪ ማርሽ) አልገባ ወይም ገብቶ አልወጣ ማለቱ። ለመጀመሪያው ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር) ለመግዛት፣ ለሁለተኛው ካምቢዮ ለማውረድ የሚቸኩል ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አያስፈልግም።

ሁለቱን ችግሮች አንድ ላይ ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቁልፉ የሚወጣው ነጭ ሽቦ ኮይሉን (ለካንዴላዎቹ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን)፣ የነዳጅ ፓምፑንና የኦቨርድራይቩን መስመር ይመግባል፤ ይህም በአብዛኛው ሞዴል ላይ ያለ ፊውዝ ነው። ስለዚህ የቁልፉ ውስጣዊ መገናኛ ከተበላ ካንዴላው ይደክማል፣ ፓምፑ ይንቀረፈፋል፣ ኦቨርድራይቩም አንዴ ይገባል አንዴ ይቀራል። ሦስት ዕቃ የተበላሸ የሚመስለው ጥፋት አንድ ቦታ ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ቮልት መለኪያ፣ ባለ አምፖል መሞከሪያ፣ ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፣ የኢንች መፍቻዎች (ሚሊ ሜትር መፍቻ የብሎኑን ጠርዝ ይበላዋል)፣ ክሪክና ጠንካራ መደገፊያ። የሽቦ ቀለሞችን ያዙ፦ ቡናማ ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ያለው፣ ነጭ ቁልፍ ሲከፈት የሚነቃ፣ አረንጓዴ በፊውዝ አልፎ የሚሄድ የቁልፍ ኃይል፣ ነጭ ቀይ መስመር ያለው ወደ ሞተሪኖ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚስብ ማግኔት) የሚሄድ፣ ጥቁር መሬት፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰር።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እስከ 1967 የተሠሩት መኪናዎች የባትሪው ፖዘቲቭ ነው ከአካሉ ጋር የታሰረው። እነሱ ላይ ከታች ያሉትን ልኬቶች ስትወስዱ የመለኪያውን ገመዶች አገላብጡ። ባትሪ ስትቀይሩም መጀመሪያ የትኛው ምሰሶ ከአካሉ ጋር እንደታሰረ አረጋግጡ፤ የቀድሞ ባለቤት ወደ ኔጋቲቭ ቀይሮት ሊሆን ይችላልና በዓመተ ምሕረት ብቻ አትመኑ።

የመጀመሪያው ልኬት

ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን አታስነሱ። ባትሪው ላይ ያለውን ቮልት ጻፉ፤ ሙሉ ከሆነ 12.6 አካባቢ ነው። ከዚያ ፊውዝ ሳጥኑ ላይ ቡናማው የገባበትን፣ ቀጥሎ ነጩ የገባበትን ለኩ። በቡናማውና በነጩ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ካለፈ ችግሩ ቁልፉ ወይም የቁልፉ ሶኬት ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ አረንጓዴ ዝገት ካለበት አጽዱ፤ ከጸዳም በኋላ ልዩነቱ ካልጠበበ ቁልፉ ይቀየር። ይህን ሳታስተካክሉ ወደ ፊት መሄድ ዋጋ የለውም፤ ቀጥሎ የምትወስዱት ልኬት ሁሉ ያሳስታችኋል።

ሞተሪኖው ዝም ሲል ወይም ሲያዘግም

ባትሪዎቹ ከመቀመጫው ጀርባ ከወለሉ ሥር ናቸው። እስከ 1974 ድረስ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በአንድ ገመድ ተያይዘው ይገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አንድ ባለ 12 ቮልት አላቸው። ሁለት ባትሪ ያላቸው ላይ የተለመደው ስህተት ድምሩን ብቻ መለካት ነው። አንዱ ሞቶ ሌላው ጤነኛ ቢሆንም ድምሩ 12 ተሻግሮ ሊታይ ይችላል። እያንዳንዱን ለብቻው ሞተሪኖው እየዞረ ለኩ፤ አንዱ ከ4.8 በታች ከወረደ ያ ነው በሽተኛው።

ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ወደ ወፍራሞቹ ገመዶች እንሂድ። ካምቢዮው ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ ነጩን ሽቦ ከኮይሉ ንቀሉና ጫፉን በፕላስተር ሸፍኑ። አንድ ሰው ቁልፉን ለ5 ሰከንድ ሲያዞር የሚከተለውን ለኩ፦

1. በባትሪው ሁለት ምሰሶዎች መካከል፦ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም።
2. ከባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ (ከማሰሪያው ሳይሆን ከምሰሶው ራሱ) እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን፦ ከ0.5 ያልበለጠ።
3. ከኔጋቲቭ ምሰሶ እስከ ሞተሩ ብሎክ ጥርት ያለ ብረት፦ ከ0.3 ያልበለጠ።
4. ከኔጋቲቭ ምሰሶ እስከ መኪናው አካል፦ ከ0.2 ያልበለጠ።

አራተኛው ጥሩ ሆኖ ሦስተኛው ከበዛ፣ ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ የመሬት ገመድ ተበጥሷል ወይም ዝጓል። ይህን ጥፋት ያለ መለኪያም የሚያጋልጥ ምልክት አለ፤ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ሲያጣ በቾክ ገመዱ ውስጥ ያልፋል። ቁልፍ ካዞራችሁ በኋላ የቾክ እጀታው ወይም ገመዱ ከሞቀ፣ ይባስ ብሎ ከጨሰ፣ ሌላ ምንም ሳትፈልጉ የመሬቱን ገመድ ቀይሩ። ሁለቱን ጫፎች በሽቦ ብሩሽ እስኪያበሩ ድረስ ፈትጉ፤ በቀለም ላይ የታሰረ መሬት መሬት አይደለም።

ቁልፍ ሲዞር ድምፅ ከነጭራሹ ከሌለ፣ ሶሌኖይዱ ላይ ነጭ ቀይ መስመር ያለው ሽቦ በገባበት ቦታ መሞከሪያ አምፖሉን አድርጉ። ቁልፉ ወደ ማስነሻ ሲዞር ካልበራ ጥፋቱ ከቁልፉ እስከዚያ ድረስ ነው፤ ኋለኞቹ ሞዴሎች በመካከል የማስነሻ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቅ ኃይል የሚያበራ ማብሪያ) ስላላቸው እሱን አስቀድሙ። በርቶ ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ሶሌኖይዱ ነው ወይም ሞተሪኖው ራሱ ነው። ሶሌኖይዱ ጠቅ ብሎ ሞተሪኖው ካልዞረና የወፍራሙ ገመድ ልኬት ጥሩ ከሆነ የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል።

እስከ 1967 ያሉት ሞተሪኖዎች ጥርሱን በራሱ ፍጥነት ወደ ፊት የሚወረውሩ ናቸው። ሞተሪኖው እያፏጨ ዞሮ ሞተሩን ካልያዘ ያ ጥርስ የሚንሸራተትበት ጥምዝ ቆሽሿል። አውርዱትና በቤንዚን እጠቡት፤ ደርቆ ይገጠም። ዘይት ወይም ግሪስ አታድርጉበት። የፍሪሲዮኑ አቧራ ዘይቱ ላይ ይጋገርና ጥፋቱ ይመለሳል።

ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

የነቀላችሁትን ነጭ ሽቦ ወደ ኮይሉ መልሱ። ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መሃል የሚገባውን ወፍራም ገመድ ነቅላችሁ ጫፉን ከብሎኩ 6 ሚሊ ሜትር ያህል አርቃችሁ በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ ያዙ። ዙሪያው ቤንዚን እንደሌለ አረጋግጡ። ሞተሪኖው ሲዞር ሰማያዊና ጠቅ ጠቅ የሚል ብልጭታ ሊኖር ይገባል። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ደካማ ነው፤ ከሌለ ደግሞ የሚከተለውን አድርጉ።

ክዳኑን አንሱ፣ ቁልፉን ክፈቱ። ነጩ በማይገባበት በኩል ያለውን የኮይል ጫፍ ለኩ፦ የዲስትሪቢዩተሩ ፑንቲና (የኮይሉን ኤሌክትሪክ እየዘጋ የሚከፍተው መገናኛ) ሲዘጋ ወደ ዜሮ፣ ሲከፈት ወደ 12 መሄድ አለበት። ተከፍቶም ዜሮ ላይ ከቀረ ውስጥ የሚነካካ ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ፑንቲናው ሲገጠም የፋይበር ሮንዴላዎቹ ቅደም ተከተል ተሳስቶ ሽቦው ብረቱን ነክቷል፤ አለዚያ ኮንደንሰሩ ሾርት ሆኗል። ተዘግቶም 12 ላይ ከቀረ ፑንቲናው ቆሽሿል፣ ወይም ከሥሩ ያለውን ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ ከዲስትሪቢዩተሩ አካል የሚያገናኘው ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል። አዲስ ፑንቲና ከፋብሪካ በስስ ቅባት ተሸፍኖ ይመጣል፤ በቤንዚን በነከረ ወረቀት ካልተጠረገ አዲሱም አይሠራም።

ክፍተቱን የምትለኩት የፑንቲናው ተረከዝ የካሙ ጫፍ ላይ ሲወጣ ነው፦ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር። የካንዴላ ክፍተት 0.64 ሚሊ ሜትር። የማቃጠል ተራው 1-3-4-2 ሲሆን የዲስትሪቢዩተሩ ሮተር ከላይ ሲታይ በሰዓት ተቃራኒ ይዞራል፤ ገመድ ነቅለው ሲመልሱ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ከኮይሉ ጥሩ ብልጭታ እየወጣ ካንዴላዎቹ ጋ ካልደረሰ ሮተሩን ጠርጥሩ። ወፍራሙን የኮይል ገመድ ከሮተሩ መካከለኛ ብረት በላይ 3 ሚሊ ሜትር አቅርቡና ቁልፉ ተከፍቶ ፑንቲናውን በእንጨት ክፈቱ ዝጉ። ብልጭታ ወደ ሮተሩ ከዘለለ፣ ሮተሩ ውስጥ ለውስጥ ወደ ዘንጉ እያፈሰሰ ነው። ይጣል። በርካሽ የሚሸጡ አዳዲስ ሮተሮች ላይ ይህ በብዛት ይታያል፤ ጥፋቱም ብረቱን የያዘው ሪቬት ወደ ውስጥ ጠልቆ መግባቱ ነው።

ሌላው ግልጽ ምልክት፦ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይነሳል፣ ቁልፉን ስትለቁ ወዲያው ይሞታል። ይህ ጥቁር የጎማ መከላከያ ያላቸው፣ ከ1974 መጨረሻ ወዲህ ያሉት መኪናዎች በሽታ ነው። እነሱ በሩጫ ጊዜ ለኮይሉ የሚደርሰውን ኃይል የሚቀንስ ባለ ሬዚስታንስ ሽቦ አላቸው፤ በማስነሻ ጊዜ ግን ሙሉ ኃይል በሌላ መንገድ ከሶሌኖይዱ ይመጣል። ሬዚስታንሱ ከተበጠሰ የሚሆነው ይሄው ነው። ኮይል ስትቀይሩም ኦም ለኩ፦ ለእነዚህ 1.5 ኦም፣ ለቀደሙት 3 ኦም ገደማ። ባለ 1.5ቱን ሬዚስታንስ የሌለው መኪና ላይ ከገጠማችሁ ኮይሉ ይጋላል፣ ፑንቲናውም ይቃጠላል።

ብልጭታው ደህና ከሆነ ነዳጅ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ከኋላ በኩል የኤስዩ ነዳጅ ፓምፑ ተክ ተክ ተክ ብሎ የካርቡራተሩ ሳህኖች ሲሞሉ ዝም ማለት አለበት። ከመጀመሪያው ድምፅ ካላሰማና መኪናዋ ካልተነሳች የፓምፑን አካል በካቻቪቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱ። ከተንቀሳቀሰ የውስጥ መገናኛው አልቋል፤ ቤት ያደርሳችኋል እንጂ አይዘልቅም። ሳያቋርጥ የሚመታ ከሆነ ወይ ነዳጅ የለም፣ ወይ ከታንኩ በኩል አየር ይስባል፣ ወይ የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ መርፌ አልዘጋም። የመጨረሻው ከሆነ ከሳህኑ ማፍሰሻ ቱቦ ቤንዚን ይንጠባጠባል፤ ሳይስተካከል ሞተሩን አታስነሱ። የፓምፑን አቅም ለማወቅ ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅላችሁ ወደ ጠርሙስ አስገቡ፤ በ1 ደቂቃ ቢያንስ ግማሽ ሊትር መሙላት አለበት።

ቀዝቃዛ ሳለ ተነስቶ ሞቆ ካጠፋችሁት በኋላ እምቢ ካለ መጀመሪያ ኮንደንሰሩን ቀይሩ። ርካሽ ነው፤ ሲሞቅ የመበላሸት ልማድም አለው።

ኦቨርድራይቩ

ከካምቢዮው ጀርባ የተገጠመው ሌይኮክ ኦቨርድራይቭ እስከ 1967 ዲ፣ ከ1968 ጀምሮ ኤልኤች የሚባለው ዓይነት ነው። ኤልኤቹ ሲገባ የሞተሩ ዙር በ18 በመቶ ይወርዳል፤ በ4ኛ ማርሽ 3300 የነበረው ወደ 2700 ይመጣል። የሞተር ዙር ቆጣሪው ላይ ይህን ካያችሁ ገብቷል፣ ካላያችሁ አልገባም፤ በጆሮ ብቻ አትፍረዱ።

ከሁሉ በፊት፦ ኦቨርድራይቩ ገብቶ አልወጣ ካለ መኪናዋን ወደ ኋላ አትንዱ። ውስጥ ያለው ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ክላች ይሰበራል፤ ጥገናው ደግሞ ውድ ነው። ቦታ ለመቀየር ካስፈለገ በእጅ ወደ ፊት ግፉ።

ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ማርሹ 4ኛ ላይ ሆኖ የኦቨርድራይቩን ማብሪያ አብሩ አጥፉ። ከሥር ጠቅ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። በዲ ላይ ድምፁ ጎላ ያለ ነው፤ በኤልኤች ላይ ቀጭን ስለሆነ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያዳምጥ። ጠቅ ካለ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፣ ወደ ዘይቱ ሂዱ። ካላለ ሽቦውን ተከታተሉ።

መስመሩ ቀላል ነው፦ ነጭ ወደ ማብሪያው፣ ከማብሪያው ቢጫ ወደ ካምቢዮው ላይ ወዳለው የማርሽ ስዊች፣ ከዚያ ወደ ሶሌኖይዱ። የማርሽ ስዊቹ ሥራ ኦቨርድራይቩን ከ3ኛና ከ4ኛ ውጪ መከልከል ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሞዴሎች ላይ ከ4ኛ ውጪ። ቢጫው ከካምቢዮ ሽቦዎች ጋር የሚገናኝበትን ሶኬት ፈልጋችሁ ለኩ። እዚህ ኃይል ከሌለ ማብሪያው ነው፤ በማርሽ ዘንጉ ራስ ላይ ማብሪያ ያላቸው ኋለኛ ሞዴሎች ላይ ሽቦው ዘንጉ ውስጥ እየታጠፈ ይበጠሳል። እዚህ ኃይል ካለና ጠቅ ካላለ፣ ከባትሪው በ5 አምፔር ፊውዝ የተያዘ ሽቦ በቀጥታ ወደ ሶሌኖይዱ ሽቦ አድርሱ። አሁን ጠቅ ካለ የማርሽ ስዊቹ ነው። ይህ የቀጥታ ሙከራ ለኤልኤች ነው፤ የኤልኤች ሶሌኖይድ የሚወስደው 1 አምፔር ገደማ ብቻ ነውና። የዲ ሶሌኖይድ ለመሳብ ከ15 አምፔር በላይ ይወስድና ከሳበ በኋላ ወደ 1 ገደማ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ሪሌ ያለው። ከሳበ በኋላ ካልወረደ ሊቨሩ እስከ መጨረሻው አልሄደም፤ ሶሌኖይዱ በጥቂት ደቂቃ ይቃጠላል።

ጉድጓድ ላይ ሲነጥር የሚወጣ፣ ወይም የማርሽ ዘንጉን በእጅ ስትገፉት የሚገባና የሚወጣ ኦቨርድራይቭ የማርሽ ስዊች ማስተካከያ ይፈልጋል። ከስዊቹ ሥር ያሉትን ስስ ሮንዴላዎች በመቀነስ ወይም በመጨመር ይስተካከላል፦ 4ኛ ገብቶ ካልዘጋ ቀንሱ፤ በ2ኛ ማርሽ የሚገባ ከሆነ ጨምሩ። ኤልኤች ባላቸው ላይ እጅ ለማስገባት የካምቢዮውን የኋላ ድጋፍ ፈትቶ ጅራቱን በክሪክ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ሽቦዎቹ ከብረት ጋር የሚፋተጉበትን ቦታ ሁሉ ፈትሹ። መስመሩ ፊውዝ ስለሌለው እዚህ የተላጠ ቢጫ ሽቦ ነጩን ሙሉ አቃጥሎ መኪናዋን መንገድ ላይ ሊያስቀራት ይችላል። ኤልኤች ካላችሁ ከማብሪያው በፊት የ5 አምፔር ፊውዝ መስመር ላይ ጨምሩ፤ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ጠቅ ይላል፣ ግን አይገባም ወይም ይንሸራተታል

ካምቢዮውና ኦቨርድራይቩ የሚጋሩት አንድ ዘይት ነው። ባለ አራት ሲንክሮ (ማርሽ ሲቀየር ፍጥነታቸውን የሚያስማማ ቀለበት) ካምቢዮ ከኦቨርድራይቭ ጋር 3.4 ሊትር የ20ደብልዩ-50 የሞተር ዘይት ይይዛል። የካምቢዮ ወፍራም ዘይት አይደረግም፤ ግጭት የሚቀንስ ተጨማሪ ኬሚካል የተባለ ሁሉ አይደረግም። ኦቨርድራይቩ የሚይዘው በግጭት ነው፤ ግጭቱን ካጠፋችሁበት ይንሸራተታል። መጠኑን መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ቆማ በጎን ካለው ብሎን ተመልከቱ፤ ዘይቱ አፋፉ ላይ መድረስ አለበት። የቀደሙት ሞዴሎች ግን የዘይት መለኪያ ዘንጉ (ዲፕስቲኩ) ከውስጥ፣ ከምንጣፉ ሥር ካለው የጎማ መክደኛ በታች ነው። ትንሽ መጉደል ብቻውን ፓምፑን አየር ያስውጠዋል፤ በቀጥታ መንገድ ላይ ሠርቶ ኩርባና ዳገት ላይ የሚለቅ ኦቨርድራይቭ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ነው የሚጠይቀው።

ዘይቱ ልክ ከሆነ ማጣሪያው ይጸዳል። የኤልኤቹ አሠራር እንዲህ ነው። መኪናዋን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ዘይቱን አሙቁ፣ ከዚያ አራቱንም ጎን በመደገፊያ ላይ አድርጉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይገባም። ዘይቱን አውርዱ። የኦቨርድራይቩን ሆድ ዙሪያ ከመፍታታችሁ በፊት በቤንዚንና በብሩሽ እጠቡ፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ቫልቭ ለማስቀረት ትበቃለች። ከሥር ያለውን ክዳን ስድስቱን ቪቴ ፈትታችሁ አውርዱ፣ የሽቦ ማጣሪያውን በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ በክር አልባ ጨርቅ አድርቁ። ክዳኑ ላይ ግራጫ ጭቃ ብታዩ አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው። ቢጫ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ሲንክሮ እየተበላ መሆኑን ያሳያል፤ የብረት ስብርባሪ ካለ ግን ካምቢዮው መከፈቱ አይቀርም።

ከክዳኑ በላይ ባለ ቀዳዳ ክብ መክደኛዎች ይታያሉ፤ ትልቁ ከኋላው ሁለተኛ ማጣሪያ፣ ሌሎቹ የግፊት መቆጣጠሪያውንና የፓምፑን ቫልቮች ይይዛሉ። በመዶሻና በመሮ አትፍቷቸው፤ አልሙኒየሙ ይሰበራል። ሁለት ጣት ያለው መፍቻ ግዙ ወይም ከብረት አሠሩ። አንዱን ፈትታችሁ አጽድታችሁ መልሳችሁ ከገጠማችሁ በኋላ ወደ ቀጣዩ ሂዱ፤ ስፕሪንጎቹ ተመሳሳይ ስለሚመስሉ ይቀያየራሉ።

የኤልኤች ሶሌኖይድ ራሱ ቫልቭ ነው፤ ዘንጉ ላይ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ካረጁ ጠቅ እያለም ግፊት አይይዝም። የሚፈታው በስስ የ1 ኢንች መፍቻ ከሥሩ ባለው ባለ ማዕዘን ክፍል ብቻ ነው። ቆርቆሮውን ይዞ ማዞር ይገነጥለዋል። ቀለበቶቹን ዘይት ቀብታችሁ ገጥሙ። ቀዝቃዛ ሲሆን የሚሠራና ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ሶሌኖይዱን ሲሞቅ በኦም ለኩ፤ ውስጡ ያለው ጥቅል ሲሞቅ ይከፈታል።

ዲ ዓይነት ላይ ደግሞ ሊቨሩ ይስተካከላል። ሶሌኖይዱ ስቦ ሳለ 3/16 ኢንች ውፍረት ያለው ዘንግ በሊቨሩ ቀዳዳ አልፎ ወደ አካሉ ቀዳዳ መግባት አለበት። ካልገባ የሊቨሩን ማሰሪያ አላልታችሁ ቀዳዳዎቹ ሲገጥሙ አጥብቁ።

ዘይቱን ሞልታችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና መጠኑን እዩ፤ ኦቨርድራይቩ ሲሞላ ካምቢዮው ይጎድላል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ካልያዘ ግፊቱ በመለኪያ ይታይ፤ ኤልኤች ሲገባ ወደ 400 ፒኤስአይ (28 ባር ገደማ) ማሳየት አለበት። ግፊቱ ኖሮ ከተንሸራተተ የኮኑ (በግጭት የሚይዘው ክፍል) ሽፋን አልቋል። ኦቨርድራይቩ ሳይገባ በወደፊት ማርሾች ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልሄደች፣ በኋላ ማርሽ ግን ከሄደች፣ ባንድ አቅጣጫ የሚዞረው ክላች ሄዷል። ሁለቱም ቢሆኑ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ በኤምጂቢ ደግሞ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አብሮ ነው የሚወጣው። ከወጣ አይቀር ፍሪሲዮኑን፣ የፍሪሲዮን ካርቦኑንና የሞተሩን የኋላ ዘይት መያዣ አብራችሁ ቀይሩ።